መቀስ ያልደፈረው አረንጓዴ ክር

ልጆቹ ንገሪን ብለው ያዙኝ። እኔ ደግሞ ንገሪን ተብዬ ዝም ማለት አልችልበትም።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው እሑድ ነው። ትንሿ የልጅ ልጄ ሜሮን ለጓደኛዋ ልደት የዶቃ አምባር ልትሠራ ፈለገችና ክር አጣች። አልጋዬ ሥር የማስቀምጠውን የመርፌና የቁልፍ ቆርቆሮዬን ምንጣፉ ላይ ገልብጣ ስትበረብር፣ ከታች በፌስታል የተጠቀለለ አረንጓዴ ክር አገኘች። ደስ አላት። ዶቃዎቿን ደርድራ ከጨረሰች በኋላ ጫፉን ልትቆርጥ መቀስ አመጣች፤ መቀሱ ክሩን አኘከው እንጂ አልቆረጠውም። የኩሽናውን ትልቁን መቀስ አመጣች፤ ክሩ በሁለቱ ስለቶች መሐል እጥፍ ብሎ ተጋደመ። ታላቅ እህቷ ሊዲያ ተጠርታ መጣች፤ እሷም በጥርሷ ሳይቀር ታገለችው።

«እማማ፣ ይሄ ክር ምን ፕሮብለም አለው?» አለችኝ ሜሮን።

«ምንም የለበትም። እምቢ ማለት ይችላል፣ እሱ ነው» አልኳት።

ተቀብያት አሸተትኩት። ይኼን ሁሉ ዓመት ቆርቆሮ ውስጥ ታፍኖ ኖሮ እንኳን የሐይቅ ጭቃ፣ የበሰበሰ ሣርና የሰም ሽታ ነበረው። ክሩን ስቀበላት ደግሞ ሊዲያ እጄን ያዝ አደረገችና ከአመልካች ጣቴ ሥር ተነስቶ መዳፌን አቋርጦ የሚሄደውን ነጭ ጠባሳ አየች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በዚህ እጅ ታጥባለች፣ በዚህ እጅ ጎርሳለች፤ ጠይቃኝ ግን አታውቅም ነበር። ጠየቀችኝ። ሶ፣ እነሱ እንደሚሉት፣ ይኸው ልንገራችሁ።

ሊዲያ ያኔ በጋሪ የምትገፋ ሕፃን ነበረች፤ ሜሮን ገና አልታሰበችም። እኔም ጉልበቴን ሳልደግፍ የምቀመጥና የምነሳ፣ ፀጉሬ ግማሹ ገና ጥቁር የሆነ ሴትዮ ነበርኩ። የምንኖረው እዚሁ አሜሪካ፣ ካሮልተን፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ወደ ፓርኪንግ የሚያይ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ልጄ ሰብለ ሕፃኗን ጠብቂልኝ ብላ አመጣችኝ፤ ጠበቅሁላት። እሷ ፕሌኖ የሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ትሠራለች፣ ባሏ ግርማ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ አንዱ ከሺፍት ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ እኔና ሊዲያ መስኮቱ ሥር ተቀምጠን ማን መኪናውን አጣሞ ፓርክ እንዳደረገ እንፈርዳለን። አማርኛ የሚሰማኝ ሕፃኗ ብቻ ነበረች፤ እሷም የምትመልስልኝ በለሃጭ ነው።

ቅዳሜ ሰብለ ሥራ አልነበራትም፤ ልጇን ራሷ ትይዛለች። ቅዳሜ የእኔ ነው ማለት ነው። ግን የት ልሄድበት? ሰብለ ያሰበችልኝ ነበር፤ የሐበሻ እናቶች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ አለ፣ እዚያ አደርስሻለሁ፣ ስትጫወቺ ትውያለሽ አለችኝ። አንድ ጊዜ ሄድኩ። ክብ ሠርተን ተቀመጥንና አንዷ ስኳሯን፣ አንዷ ደም ግፊቷን፣ አንዷ የወገቧን ዲስክ አወራች፤ ተራው እኔ ጋ ሲደርስ የማወራው በሽታ አጥቼ አፈርኩ። እንዲህ ያለ ቦታ ሁለት ጊዜ ከሄድኩ የራሴን በሽታ ይዤ እንደምመለስ ገባኝ።

ግርማ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ባስ የሚሉት አፈ ሰፊ ዓሣ አለ፤ የዚህ አገር ወንዶች ለእሱ ሲሉ የማይገዙት ዕቃ የለም። ግርማም ከሥራ ባልደረቦቹ ተምሮ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ይሄዳል፤ አንዱ ሪቻርድሰን የቴሌኮም ኩባንያ የሚሠራው ኢንጂነር ሰይፉ ነው፣ ሌላው መጋዘን የሚሠራው ከድር። አንድ ቀን ግርማ ሲመለስ ቦርሳውን በር ሥር ጣል አደረገው፤ ያ ሽታ መጣ። ጭቃ፣ የረጠበ ሣር፣ የዓሣ ቅርፊት። ሊዲያን አቅፌ እዚያው በቆምኩበት ዝዋይ ገባሁ።

እኔ የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ። ቤታችን ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ካለው ደንገል ጀርባ ነበር፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ደንገሉ ሲንሾካሾክ እሰማና የሚያማን ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። አባቴ በአካባቢው ስሙ የታወቀ ዓሣ አጥማጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ዋርካው ሥር ዓሣውን የደንገል ቅጠል ላይ ደርድሮ ይቀመጣል፤ ገዢው ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ወሬውንም ገዝቶ ነው የሚሄደው። ይቺ ቆሮሶ እንዴት እንደታገለችው፣ ያቺኛዋ እንዴት ልታመልጠው እንደነበር፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያወራዋል። ደግሞ ንጽሕናው! ዓሣ አጥማጅ ሆኖ እንደ አባቴ ንጹሕ የለበሰ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ነጭ ተፈሪ ሱሪው ላይ አንዲት ቅርፊት ተለጥፋ አታውቅም። እኔ በዚህ እኮራ ነበር።

ክሩን የምንሠራው እኛ ሴቶቹ ነን። ቃጫውን እንፍቃለን፣ እናደርቃለን፣ ጭናችን ላይ አጋድመን በመዳፋችን እንገምደዋለን፣ ሰም እንቀባዋለን። መንጠቆ እስኪታሰርበት ድረስ የእኛ ነው። መንጠቆው ከታሰረ በኋላ ግን ሴት ከነካችው ዓሣ ይሸሻል ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ሁሉም ይለዋል። እኔ አንድ ጠዋት፣ ገና ጥርሴን በምቀይርበት ዕድሜ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ክር አወረድኩና ይዤው ወደ ውሃው ሮጥኩ። አባቴ ዋርካው ሥር ሆኖ አየኝ፤ ገዢዎቹም አዩኝ። ጠራኝ፤ ክሩን ከእጄ ወሰደና ሰው ሁሉ እያየ የጎረቤት እሳት ውስጥ ጨመረው። «ከእንግዲህ ይኼ ለጥጃ ማሰሪያ እንኳ አይሆንም» አለ። እናቴ አጠገባችን ቆማ ነበር፤ አንገቷን ደፍታ ክሩ ሲነድ አየችው እንጂ ለእኔም ለእሱም ቃል አልተናገረችም። እኔ የዚያን ቀን የተናደድኩት በአባቴ አልነበረም፤ በእሷ ዝምታ ነው።

እናቴ ዝምተኛ ነበረች። ጎህ ሳይቀድ ታላቅ እህቴን አስካለን አስከትላ ውሃ ልትቀዳ ትወርዳለች፤ ስትመለስ ቀሚሷ ከታች ርሶ እግሯ ላይ ይጠመጠማል፤ እንስራውን ከአስካለ ጀርባ አውርዳ ወዲያው ወደ ሥራዋ ነው። ከሷ ብዙ የማስታውሰው እጇን ነው። ፀጉሬን ስትጎነጉነኝ መዳፏ ላይ ያለው ጠባሳ ግንባሬን ይቧጥጠኛል፤ ምንድነው ስላት «የእንስራው ገመድ ነው የበላኝ» ትላለች። ግንባሬን ሲቧጥጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እና በዚያች ቅዳሜ ካሮልተን ውስጥ፣ የግርማን ቦርሳ ካሸተትኩ በኋላ፣ ያ ሁሉ ዓመት ውስጤ ተጣጥፎ የተቀመጠ ነገር ተፈታ።

«ግርማ፣ የሚመጣው ቅዳሜ እኔም እሄዳለሁ» አልኩት።

ሳቀ። «እማማ፣ ፀሐዩ አይቻልም እኮ። ደግሞ እዚያ ወንዶች ብቻ ነን።»

«ዓሦቹም ወንዶች ብቻ ናቸው?»

ሰብለ ከጓዳ ሰምታ መጣች። ልጄ መልኳ እኔን ነው፣ ድምፅዋ አባቷን። «እማዬ ሙች እልሻለሁ፣ ሰው ያይሻል! ዘንግ ይዘሽ ሐይቅ ዳር ቆመሽ? የአዳራሹ ሴቶች ቢሰሙ ልጇ አላበላት ብላ ዓሣ ታጠምዳለች ነው የሚሉኝ።»

«በያቸዋ። ዓሣውን ሳመጣ ደግሞ ጠርተሽ አብያቸው።»

ይኼ ጭቅጭቅ ሲሰነብት ነገሩን ለመጨረስ የመጣው ሰይፉ ነው። ሰይፉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ሁሉን ነገር ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ስለሚመጣ ሌላው ሰው የሚያውቀው ነገር ይኖራል ብሎ አይጠረጥርም። ከግርማ ጋር ሊሄድ መጥቶ ሶፋችን ላይ ተቀምጦ «ኦኬ፣ እማማ ሸዋዬ፣ እንወራረድ» አለኝ። አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው እሄዳለሁ። እነሱ ካወጡት ሁሉ የሚበልጥ ዓሣ ካወጣሁ ቅዳሜ ለዘለዓለም የእኔ ነው፣ የመኪናውን የፊት ወንበርም ይለቅልኛል። ካላወጣሁ ወደ አዳራሹ እሄዳለሁ፣ ሁለተኛም አላነሳውም። ሰብለ እጇን አጨበጨበች። «ይሁን! አንድ ጊዜ ሂጂና ይውጣልሽ።» የልጄ ፊት ላይ ያየሁት እፎይታ ነው የቆረጠልኝ። ተሸንፌ እንደምመለስ ምንም አልተጠራጠረችም ነበር።

ግርማ የቆየ ዘንጉንና ሪሉን ሰጠኝ። ሪል የሚሉት ክሩን የሚጠመጥመው ባለ እጀታ ማጠንጠኛ ነው። የነበረው ክር ግን አርጅቶ ሲነኩት የሚበጠስ ሆኗል። ስለዚህ አዲስ ክር ልንመርጥ ሁላችንም ወደ መደብሩ ሄድን። ቤተ ክርስቲያን የሚያህል መደብር ነው፤ ግድግዳው ላይ የደረቁ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው ሰውን ያያሉ። አንድ ሙሉ ግድግዳ ክር ብቻ ነው። ያገሬን ፊደል እንኳ በወጉ የማልጨርስ ሴት የፈረንጅ ጽሑፍ ምን ይነግረኛል? ጥቅሎቹን እያወረድኩ ጫፍ ጫፋቸውን በጣቶቼ መሐል አሻሸሁ።

ከድር፣ የሚያዝንልኝ እሱ ነበርና፣ የናይለን ክር አቀበለኝ። «እማማ፣ ለጀማሪ ይሄ ነው የሚሻለው። ይለጠጣል፤ ቢሳሳቱም ቶሎ አይበጠስብዎትም።» ሳብ ሳደርገው እውነትም እንደ ማስቲካ ተለጠጠ፤ ስለቀው ደግሞ ጥቅሉ ላይ እንደነበረ ተጠቅልሎ ቀረ። የሚለጠጥ ክር ወሬ አያደርስልኝም ብዬ መለስኩለት፤ ዓሣው እዚያ ሲነካው እኔ እዚህ ሳልሰማ ልቀር ነው።

ሰይፉ ሌላ ጥቅል ከፍ አደረገ። «ማለቴ፣ ባስ ብልህ ነው፤ ውሃው ክሊር ሲሆን ክሩን ያየዋል። ሶ የሚያስፈልገን ፍሎሮካርቦን ነው። ውሃ ውስጥ ጭራሽ አይታይም፣ ድንጋይ ቢነካውም አይላጥም።» ስሙን እስከ ዛሬ አልደፍረውም፤ የማይታየው ነው የምለው። ጥሩ ክር ነው፣ አልዋሽም፤ ጠንካራ ነው፣ ሰይፉ ያለው ሁሉ እውነት ነበር። ግን ለዓሣው የማይታይ ክር ለእኔ ለደከመ ዓይኔ ጨርሶ ሊጠፋብኝ ነው። እኔ ዓሣ ሲመጣ ከክሩ ላይ ነው የማውቀው፤ ሲወጠር፣ ሲላላ፣ ወደ ጎን ሲሄድ።

ከታች መደርደሪያ ላይ አረንጓዴውን አየሁት። ብሬድ ይሉታል። አንድ ክር አይደለም፤ ከፀጉር የቀጠኑ ብዙ ክሮች ተጎንጉነው ነው አንድ የሆኑት፣ ልክ እንደ ሹሩባ። በሁለት እጄ ሳብኩት፤ ወይ ፍንክች። ጣቴ ውስጥ ሰምጦ እሱ እንዳለ ቆመ። ሰም ሰም ይሸታል። የሠራው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አሠራሩን ግን አውቀዋለሁ።

«ይኼ ነው» አልኩ።

ሰይፉ ራሱን ያዘ። «እማማ! ይሄ እኮ ገመድ ነው! ዓሣው ከሩቅ ነው የሚያየው።»

«ይየው። ማን እንደመጣበት ይወቅ።»

ቤት ስንመለስ ጥቅሉን ሪሉ ላይ ለመጠምጠም ግርማ ተዘጋጀ፤ እኔ ቀማሁት። አንድ ነገር ነገረኝ፤ መጀመሪያ ብረቱ ላይ ፕላስተር ይለጠፍ፣ ጉንጉን ክር እንዲህ ያለ ልሙጥ ብረት አይጨብጥም አለኝ።

«አንተ ከእናትህ ሆድ ሳትወጣ እኔ እንዝርት ይዤ ነበር» አልኩት። «እንዝርት ላይ ፕላስተር ሲለጠፍ የት አይተሃል?»

«እማማ፣ ይሄ እንዝርት አይደለም…»

«የሚሽከረከር ክር የሚጠመጠምበት ነገር ምንድነው ታዲያ?»

ምራቄን ጣቴ ላይ አድርጌ፣ ክሩን ወጠር አድርጌ ይዤ፣ እንደ ፈትል እያስተካከልኩ ጠመጠምኩት። ከድር መጥቶ አየና ማማሩን አደነቀ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «ግን ትንሽ ፕላስተር ምን ይጎዳል?» አለ። እሱንም አባረርኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። ሐይቁ ከካሮልተን ሩቅ አይደለም። ፋሲካ ካለፈ ጥቂት ሳምንት ሆኖታል፤ ውሃው ውስጥ የሞቱ ዛፎች እንደቆሙ ቀርተዋል፣ ነጫጭ ወፎች ተቀምጠውባቸዋል፣ ከላይ ደግሞ አውሮፕላኖቹ ጎማቸውን አውጥተው ወደ ግርማ መሥሪያ ቤት ይወርዳሉ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የሰብለን የስፖርት ጫማ አድርጌ ዳሩ ላይ ቆምኩ። መንጠቆው ላይ የሚሰካውን የፕላስቲክ ትል መወርወር ከድር አሳየኝ። የመጀመሪያው ውርወራዬ ኋላዬ ያለ ቁጥቋጦ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው የሰይፉን ኮፍያ ወሰደ። እየቆየ ግን ክንዴ ለመደው።

እነሱ ያወጣሉ፣ እኔ አላወጣም። ያወጡትን ደግሞ ምን ያደርጉታል መሰላችሁ? ይለቁታል! ከድር አንዱን ከውሃ አወጣው፣ አየው፣ በጎ በጎ ተናገረውና መልሶ ላከው። ምሳ ጠርቶ እንግዳውን ከበር እንደመመለስ ሆነብኝ። ሰይፉ ደህና ትልቅ አገኘ፤ በሜትር ለካው፣ ፎቶ አነሳው፣ ወደ እኔ ዞሮ «እማማ፣ ይሄንን ነው የሚበልጡት» አለና ለቀቀው። ፀሐዩ አናታችን ላይ ሲወጣ ደግሞ «አዳራሹ ውስጥ እኮ ኤሲ አለ» ብሎ ተናገረኝ። ግርማ ከሩቅ በሐዘን ያየኛል። እኔ ከዚያ አረንጓዴ ክር ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። የማየው ዓሣ ሳይሆን ያን ክብ የተሠራ ወንበር ነበር፤ የስኳሯን ሴትዮ፣ የዲስኳን ሴትዮ፣ መሐላቸው ባዶውን የእኔን ቦታ።

ክሩ ወደ ጎን ሄደ።

ነፋስ አልነበረም። ክሩ ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ወደሞተው ዛፍ ጎን ሄደ። በሙሉ ኃይሌ መነጨቅሁት፤ ዘንጉ ጎበጠ፣ ከወዲያ ማዶ አንድ ነገር ተቆጥቶ ጎተተኝ። የሪሉን እጀታ አሽከረከርኩ። ይዞራል። ደጋግሜ አዞርኩት፣ ይዞራል፤ ክር ግን አልገባም። ወንዶቹ እየሮጡ መጡ።

«ብሬኩን ያጥብቁት! ብሬኩን!» ይላል ሰይፉ።

«ጠብቋል!»

ግርማ ጎንበስ ብሎ አየና «ፕላስተሩ!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነበር። ብረቱ ለብቻው ይዞራል፤ ያ አሳምሬ የጠመጠምኩት ክር ጨርሶ አልጨበጠውም፣ እንዳለ ተሰብስቦ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ዓሣው ወደ ዛፉ ሥር እየገባ ነው፤ እዚያ ከተጠመጠመ አለቀልኝ።

ዘንጉን ሣሩ ላይ ጣልኩት። ክሩን በቀኝ እጄ ጨበጥኩ፤ ዓሣው ሲስበው መዳፌን እንደ ምላጭ ሄደበት። አልለቀቅሁም። በግራ እጄ ነጠላዬን መዘዝኩ፣ እጄ ላይ ጠቀለልኩ፣ ክሩን በነጠላው ላይ አዙሬ ይዤ፣ ፊቴን ወደ ሐይቁ እንዳደረግሁ ወደ ኋላዬ ዳገቱን መውጣት ጀመርኩ። ግርማ ሊያግዘኝ እጁን ወደ ክሩ ዘረጋ።

«አትንካው!» ብዬ ጮህኩበት። «ወንድ ከነካው ዓሣው ይሸሻል!»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ግርማ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። ሌሎቹም ቆሙ። አንዲት አሮጊት ነጠላዋ ደም እየጠጣ የኋሊት ስትሄድ፣ ሦስት ወንዶች እጃቸውን ወደ ጎን አድርገው ያያሉ። መጀመሪያ ሰፊው አፉ ወጣ፣ ከዚያ ትከሻው፤ ውሃውን ሰንጥቆ አንዴ ዘለለ፣ ከዚያ ሣሩ ላይ እየተንደፋደፈ መጣ። ከድር እንዳያመልጥ ሆዱ ላይ ተኛበት። ሜትር ማውጣት አላስፈለገም። ጭብጤ አፉ ውስጥ ገብቶ ይወጣል።

ከሁሉ ቀድሞ ሰይፉ ተናገረ። «አይቆጠርም።»

«ለምን አይቆጠርም?»

«በሪል አልወጣማ! ይሄ እኮ የሪል ፊሺንግ ነው። በእጅ መጎተት የለም።»

«ውርርዱ ማን ትልቅ ያወጣል ነው። ሪልህን ማን ጠራው?»

«እኔ ምስክር ነኝ» አለ ከድር ከዓሣው ላይ ሳይነሳ፣ «ካወጡ ነው የተባለው።»

ሁላችንም ግርማን አየነው። ግርማ ሚስቱንና አማቱን በአንድ ቤት የያዘ ሰው ነው፤ ሰማይ ሰማይ እያየ አውሮፕላን መቁጠር ጀመረ። ሰይፉ በመጨረሻ እንግዲያው ቢያንስ ልልቀቀው ሲል፣ ዓሣውን በደማው ነጠላዬ ጠቅልዬ ታቀፍኩትና መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ሰብለ በሩን ከፍታ ነጠላውን ስታይ ጮኸች። ደሙ የእኔ ይሁን የዓሣው ሳታውቅ አለቀሰች፤ እጄን አጥባ፣ አስራ፣ እየተቆጣች ደግሞ አለቀሰች። «ሁለተኛ አትሄጂም! ሰማሽ? ሁለተኛ!» ከድር ቅርፊቱን ላጠ፣ እኔ በግራ እጄ እያመለከትኩ አሠራሁ፣ በሚጥሚጣ ጠበስነው። ሁሉም በላ። ሰይፉ ሁለተኛ ጊዜ ሲያነሳ አፉ ሞልቶ «ይጣፍጣል» አለ፤ ከዋጠ በኋላ «ግን አይቆጠርም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም ሳይነሳ ወርጄ፣ እጄ እንደታሰረ፣ ዘንጌን በጉልበቶቼ መሐል አቁሜ የግርማ መኪና የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰብለ በረንዳው ላይ ወጥታ «እማዬ፣ ነይ ውጪ!» አለች።

«አልወጣም።»

ሰይፉ መጣ፣ የፊተኛውን በር ከፈተ፣ አየኝ፣ አየሁት፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና ከኋላ ገባ። ስለ ውርርዱ ያኔም ከዚያም ወዲያ ማንም አላነሳም። ፕላስተሩን ግን አስለጥፌያለሁ። ክሩን ለመቀየር ነው እምቢ ያልኩት።

ያ ሁሉ አሁን የለም። ከድር ሚኒሶታ ገባ፤ በበዓል ይደውልልኛል። ሰይፉ ትልቅ ቤት ገዝቶ ወገቡን ታመመ፤ አሁን እሱ ነው ስለ ዲስክ የሚያወራው። እኛም ከዚያ አፓርትመንት ወጥተን ፕሌኖ ገባን፤ እዚህ ደጃፋችን ላይ ትንሽ ኩሬ አለ፣ ማጥመድ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ተተክሎበታል። እንዴት ያለ ውሃ ነው፣ ለማየት ብቻ የተሠራ! የቆምንበት ዳገት አንድ የጎርፍ ዓመት ተደርምሶ ሄደ ይላል ግርማ። ሪሉ የት እንደገባ አይታወቅም። ጉልበቴም እንኳን የኋሊት፣ ወደ ፊትም አይወስደኝም። የቀረኝ ሜሮን ዶቃ የደረደረችበት ይኼ ክርና ይኼ ጠባሳ ነው። ክሩን በቢላ ቆርጬላታለሁ፤ እሱም ታግሎ ነው የተቆረጠው።

ልጆቼ፣ ያን ዓሣ ካወጣሁ በኋላ ለብዙ ዓመት ስፎክር ኖሬያለሁ። ከቤታችን ሴት የመንጠቆ ክር የያዝኩ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፣ አባቴ እሳት ውስጥ የጣለውን ከአሜሪካ ውሃ ውስጥ አውጥቼዋለሁ እያልኩ። አንድ ቀን፣ ሜሮን ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው፣ ዝዋይ ላለችው ለአስካለ በስልክ እንዲሁ ስፎክርላት አቋረጠችኝ።

«እጅሽን የቆረጠሽ የቱን ነው?» አለችኝ።

«ቀኙን።»

«የእማዬም ቀኙ ነበር። እንስራ እኮ ያዘልኩላት እኔ ነኝ፤ እሷ እንስራ አዝላ አታውቅም።» ከዚያ ሳቀች፤ እህቴ ሰማንያ ተሻግራ እንደ ልጅ ስትስቅ ሰማኋት። «አባባማ ውሃ ይፈራ ነበር፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ገብቶ አያውቅም። ሴት ያወጣችውን ዓሣ ማን ይገዛል ብለው ነው፤ እሷ ታወጣለች፣ እሱ ያወራል። ያን ቀን እሳት ውስጥ የጣለው ክር የማን መሰለሽ? የእሷ ነበር። ማታውኑ ሌላ ገመደች፤ ሲነጋጋ ወገቧ ድረስ ውሃው ውስጥ ቆማ ነበር፣ ፋኖሱን የያዝኩላት እኔ ነኝ።»